ድሬዳዋ ላይ አዲስ ቤት ስትሠሩ፦ ጂኦተርማል ያዋጣችኋል ወይ? ከቁፋሮ በፊት የሚታሰብና የሚለካ ሁሉ

ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ዘመድ ያለው የድሬ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። «እዚህ ቤታችንን የሚያሞቀው መሬቱ ነው። ጓሮ ቆፍረን ቧንቧ ቀበርን፣ በቃ። እናንተም አዲሱ ቤት ላይ አስገቡት።» ዘመዳችሁ አልዋሸም። ስዊድን ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች የሚሞቁት በዚህ መንገድ ነው። ግን ድሬዳዋ ላይ ቤት ማሞቅ? አቦ! እኛን የሚያስጨንቀን ግንቦትና ሰኔ ነው።

ደግነቱ ያው ማሽን ተገልብጦም ይሠራል። ሂት ፓምፕ ይባላል። ብርድ አገር ከመሬት ሙቀት ስቦ ቤት ያስገባል። ቫልቩ ሲገለበጥ ደግሞ የቤቱን ሙቀት አውጥቶ መሬት ውስጥ ይጥላል። ስለዚህ ለእኛ ጥያቄው «ቤቴን በጂኦተርማል፣ ማለትም ሙቀቱን መሬት ውስጥ በመጣል፣ ላቀዝቅዝ?» የሚል ነው። የእኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር። ለአንድ ቤተሰብ ቪላ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ለፔንሲዮንና ለሆቴል ሊያዋጣ ይችላል። ግን እኔን አምናችሁ አትተዉት፣ ዘመዳችሁንም አምናችሁ አትግቡበት። በራሳችሁ ቦታ ላይ አስሉት።

1. ሁለቱን ጂኦተርማል አታምታቱ

ላንጋኖ አጠገብ አሉቶ ላይ ያለው ጣቢያ በፈረንጆቹ 1998 ሥራ ሲጀምር 7.3 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ታስቦ የተተከለ ነው። እዚያ ጉድጓዱ በኪሎ ሜትር የሚለካ ነው፣ ሙቀቱም ከ300 ዲግሪ ያለፈበት ቦታ አለ። እንፋሎቱ ተርባይን አዙሮ መብራት ይሆናል። ያ ሌላ ሥራ ነው።

ለቤት የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። እንፋሎትም ፍል ውሃም አይፈልግም። እንዲያውም ለማቀዝቀዣ ሲሆን ትኩስ መሬት ጠላት ነው፤ ሙቀታችንን የምንጥለው እዚያ ነውና። «ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ስላላችሁ ለእናንተ ይመቻል» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ነገሩ አልገባውም ማለት ነው። በትሕትና አሰናብቱት።

2. የመሬታችሁን ሙቀት ለኩ

የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት አንድ ሜትር ገደማ ሲወረድ ይጠፋል። ወደ አሥር ሜትር ሲወረድ ደግሞ የበጋና የክረምቱም ይጠፋል። ከዚያ በታች የምታገኙት ከአካባቢው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ የዓመቱ አማካይም ወደ 25 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ የሆነ መሬት ጠብቁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስቶክሆልም መሬቱ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ በጋ ላይ የመሬቱን ቅዝቃዜ ያለ ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚጨምቀው የማሽኑ ሞተር) በቀጥታ ቤት ማስገባት ይቻላል። የእኛ መሬት ግን 26 ዲግሪ ነው። ሰኔ ላይ ውጪው 35 ወይም 36 ሲሆን መሬቱ የሚሰጠን ብልጫ አሥር ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። አይናቅም፣ ግን ያን ያህልም አይደለም።

አጥር ሥር ቧንቧ ቀብሮ አየር በፋን መሳብ የሚሉት ዘዴም የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። 36 ዲግሪ አየር አስገብታችሁ ቢቀናችሁ 29 ወይም 30 ታወጣላችሁ። ቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው አቧራና እርጥበት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው።

ግምት አይበቃኝም ካላችሁ መለካት ቀላል ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ የጥልቅ ውሃ ጉድጓድ ያለው ፋብሪካ፣ ሆቴል ወይም መስጊድ ፈልጉ። ፓምፑ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ ቧንቧ ውስጥ ቆሞ ፀሐይ የመታው ውሃ እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በቀጥታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በባልዲ ቅዱና ቴርሞሜትር ክተቱ። ከሮቶው እንዳትቀዱ፤ ያ የጣሪያውን ሙቀት ነው የሚነግራችሁ። ንባቡ 26 ወይም 27 ከሆነ ቀጥሉ። 30 ካለፈ ሐሳቡን ተዉት፣ ቀሪውን ገንዘብ ጣሪያው ላይ አውሉት።

3. መጀመሪያ ቤቱን አብርዱ፣ ማሽኑ ይደርሳል

ረጅሙ ክፍል ይህ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘባችሁ በእውነት የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። ከታች የማወራው ቁፋሮ ሁሉ የሚለካው «ቤቱ ስንት ሙቀት ያስገባል?» በሚለው ነው። የሚገባውን በግማሽ ከቀነሳችሁ ጉድጓዱም በግማሽ ይቀንሳል። ወይም ጭራሽ ጉድጓድ አያስፈልግም።

ጣሪያውን አስቀድሙ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከሥሩ ስስ ኮርኒስ ብቻ ካለ፣ ያ ሙቀት ቀጥታ ራሳችሁ ላይ ነው የሚወርደው። አድርጉ የምላችሁ ይህን ነው። ቆርቆሮው ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ይሁን። ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚከላከል ሱፍ ወይም ፎም ይነጠፍ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር መውጫ ይኑረው፤ ከታች በክዳኑ ጠርዝ የሚገባ፣ ከላይ በጉልላቱ በኩል የሚወጣ። ብዙ ግንበኛ ይህን ቀዳዳ «ወፍ ይገባበታል» ብሎ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ወንፊት አድርጉበት እንጂ አታስደፍኑት። ሶሌታ ጣሪያ የምታስደፉ ከሆነ ደግሞ ኮንክሪቱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ስትተኙ ይለቅባችኋል። ከላይ መከላከያና ጥላ የሌለው ሶሌታ ድሬ ላይ ከቆርቆሮ የባሰ ሌሊት ያሳልፋል።

ቀጥሎ ምዕራብ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ከአናት ብዙም አትርቅም። ሰኔ ላይ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ታኅሣሥ ላይ የበለጠ ወደ ደቡብ። ለሰሜንና ለደቡብ መስኮት እንግዲህ መጠነኛ የክዳን ጥላ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት በምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ የምትገባዋን ፀሐይ ግን ክዳን አያስቆማትም። ስለዚህ የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ በምዕራብ በኩል መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ደረጃ ይሁን። መስኮት የግድ ካስፈለገ በውጪ በኩል የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ አድርጉለት። ከዚራ ውስጥ ያሉትን የባቡሩን ዘመን ቤቶች እዩ፤ በረንዳው ሰፊ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ባለ እንጨት መዝጊያ ነው። የሠሩት ሰዎች ኤሲ አልነበራቸውም። ዛሬ የሚወደደው ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ መስታወት ደግሞ ለፎቶ ነው የሚያምረው። ውስጡ የሚቀመጠው ሰው ይጠበሳል።

ከዚያ የሌሊቱ አየር አለ። ሰኔ ላይ እንኳን ሌሊት ወደ 23 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ማለትም ከመሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ያውም በነፃ። ማታ በሁለት ተቃራኒ ወገን መስኮት ከፍታችሁ ግድግዳው እንዲበርድ አድርጉ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ዝጉ። ይህ እንዲሠራ ግን ሁሉም መስኮት ወንፊት ያስፈልገዋል። ድሬዳዋ በፈረንጆቹ 2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ያዳረሳት ከተማ ናት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀንም ትናከሳለች፣ የምትራባውም ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። በርሜሉና ሮቶው ይከደን፣ ወንፊቱ ገና ከበርና መስኮት ሥራው ጋር አብሮ ይታዘዝ። በኋላ የሚለጠፍ ወንፊት በዓመቱ ይቀደዳል።

ዛፍ ካላችሁ አትቁረጡ። በምዕራብ በኩል ያለ አንድ ኒም የሚሠራውን ሥራ አቅልላችሁ አትዩት።

4. የትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት?

መሐንዲሱ «ቤቱ 180 ካሬ ነው» ብሎ ሁሉንም ክፍል በአንድ ላይ ያሰላል። እናንተ ግን አኗኗራችሁን ታውቃላችሁ። ድሬ ከምሳ በኋላ ትቆማለች። ከ8 እስከ 11 ሰዓት የሚያርፈው አርፎ፣ የሚቅመው በርጫው ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰዉ የሚሰበሰበው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ማታ ደግሞ መኝታ ክፍል፤ ግማሹ ሰው በሙቀቱ ወር በረንዳ ላይ ነው የሚተኛው። እንግዲህ በአንድ ጊዜ መቀዝቀዝ ያለበት ከሁለት ክፍል አያልፍም። የበርጫውን ክፍል በምሥራቅ ወይም በሰሜን በኩል አድርጉት። ይህች አንዲት ውሳኔ ብቻዋን ከብዙ ማሽን ትበልጣለች።

ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የትኛው ክፍል፣ ስንት ካሬ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው። ይህን ሳትይዙ ማንም ባለሙያ ፊት አትቀመጡ።

5. አስሉት

ጥሩ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ለማቀዝቀዝ 24 ሺህ ቢቲዩ ያህል ይበቃል እንበል። 7 ኪሎዋት ማለት ነው። ማሽኑ መሬት ውስጥ የሚጥለው ግን 7 ብቻ አይደለም፤ ኮምፕረሰሩ የሚበላው መብራትም ሙቀት ሆኖ አብሮ ይወርዳል። ወደ 8.7 ኪሎዋት ይጠጋል።

አንድ ሜትር ጉድጓድ እንደ ድንጋዩ ዓይነት ከ30 እስከ 60 ዋት ያህል ይቀበላል ብላችሁ ለመነሻ ያዙ። የእኛ መሬት ሞቃት ስለሆነ 40ን ውሰዱ። 8,700ን ለ40 ስታካፍሉ ወደ 220 ሜትር ይመጣል። 110 ሜትር የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች፣ በመካከላቸው ቢያንስ 6 ሜትር። 200 ካሬ ቦታ ላይ ቤቱ ከተሠራ በኋላ የቁፋሮ ማሽን (ሪግ) የጫነ መኪና የት እንደሚቆም አስቡት። ለዚህ ነው መሠረት ከመውጣቱ በፊት መወሰን ያለበት።

አሁን ትርፉን እንይ። ጥሩ ኢንቨርተር ኤሲ በሙቀቱ ሰዓት ለአንድ ኪሎዋት መብራት 3.2 ኪሎዋት ያህል ያቀዘቅዛል እንበል፣ የመሬቱ ማሽን 4.2። ሰባት ኪሎዋት ለማቀዝቀዝ የመጀመሪያው 2.2 ገደማ ይበላል፣ ሁለተኛው 1.7 ገደማ። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎዋት ያህል ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 180 ቀን ብትጠቀሙ 750 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ 100 ዋት ቢበላ ከዚያ ላይ 140 ያህል ቀንሱ። የተረፋችሁ 600 ገደማ ነው። መጨረሻ የከፈላችሁትን የመብራት ቢል አውጡና በእናንተ ታሪፍ አባዙት። ከዚያ የሁለት ጉድጓድ ቁፋሮ ፕሮፎርማ አጠገቡ አስቀምጡ። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን አጥፎ ኤሲ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው፣ ትክክልም ነው።

ሃያ ክፍል ያለው፣ ሌት ተቀን ኤሲ የሚያዞር፣ ለእንግዳ ሙቅ ውሃ የሚያቀርብ ፔንሲዮን ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ወረቀቱን አትጠፉት፣ ቀጥሉ።

6. ክረምት የሌለው መሬት

ሻጮች የማያነሱት ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ብርድ አገር መሬቱ በጋ ላይ የተቀበለውን ሙቀት ክረምት ላይ መልሶ ይሰጣል። ዓመቱ ሲዞር ሒሳቡ ይዘጋል። ድሬዳዋ ላይ ግን መሬቱ ይቀበላል እንጂ የሚሰጥበት ወር የለም። በየዓመቱ ሙቀት ስትጨምሩበት ጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው አፈርና ድንጋይ ቀስ እያለ ይሞቃል። በመጀመሪያው ዓመት 26 የነበረው ከዓመታት በኋላ 30 ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ያ የአሥር ዲግሪ ብልጫ እየተበላ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጉድጓዶቹን ማራራቅና ከስሌቱ በላይ ማርዘም፤ ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀቱን መሬት ውስጥ ከመጣል ቀድሞ ለሙቅ ውሃ ማዋል። ሻወር ለሚበዛበት ሆቴል ይህ ብቻውን ሥራውን ሊያዋጣው ይችላል። ለቪላ ግን የድሬ ፀሐይ እያለ ለሙቅ ውሃ ሂት ፓምፕ መፈለግ ቅንጦት ነው፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሶላር ማሞቂያ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሌሊት አየሩ ከመሬቱ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ውጪ ባለ ራዲያተርና ፋን አሳልፎ ማብረድ።

ዲዛይነሩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «በአሥረኛው ዓመት ወደ ማሽኑ የሚገባው ውሃ ስንት ዲግሪ ይሆናል?» ቁጥር ካልሰጣችሁ ስሌቱን አልሠራውም ማለት ነው።

7. ምን ዓይነት ቁፋሮ?

ሦስት ዓይነት አለ። ሁለቱን እዚሁ ልጣላቸው።

በአግድም ሁለት ሜትር ገደማ ቆፍሮ ቧንቧ መዘርጋት ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ ላዩ ላይ ያለው አፈር ደግሞ በሙቀቱ ወር ደርቆ ሙቀት አያስተላልፍም። ደቻቱ ወንዝ አቅራቢያ ያላችሁ ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. የመጣውን ጎርፍ ታስታውሳላችሁ። ጎርፍ በሚሄድበት አሸዋ ውስጥ ምንም ነገር አይቀበርም።

ሁለተኛው የጉድጓድ ውሃ አውጥቶ በማሽኑ አሳልፎ መመለስ ነው። የድሬዳዋን ውሃ ያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ንጣፍ ያውቀዋል። ያ ኖራ የማሽኑን ቀጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። ከተማዋ የምትጠጣውም የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ለኤሲ ብላችሁ አታናውጡት።

የቀረው ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ታች ዞሮ ሁለቱም ጫፉ ወደ ላይ የሚወጣ የተዘጋ ቧንቧ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ሁልጊዜ ያው ነው፣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር አይገናኝም። ከመቆፈራችሁ በፊት የከተማውን የውሃ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የከርሰ ምድር ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው፣ ጉድጓዳችሁ ውሃ ያለበትን ድንጋይ በስቶ ሊያልፍ ይችላል። ሽንት ቤትና ሴፕቲክ ታንክም በጣም ይራቅ።

8. ፕሮፎርማውን ስታነቡ

ከውጭ የተቀዳ ዲዛይን በቀላሉ ይታወቃል። ዝርዝሩ ውስጥ ግላይኮል (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ) ካለ ለበረዶ አገር የተጻፈ ነው። ድሬዳዋ ላይ ውሃው አይረጋም፤ ንጹሕ ውሃና ዝገት መከላከያ ይበቃል። ወለል ሥር የሚነጠፍ ቧንቧ ካለም እንዲሁ። እሱ ለማሞቂያ ነው የሚመረጠው። ለማቀዝቀዝ ክፍሉ ውስጥ ፋን ያለው ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፣ ከሥሩም የሚጠራቀመው ጠብታ የሚወጣበት ቧንቧ ግድግዳው ሳይለሰን ይቀበር። ይህን የረሳ ቤት ልስኑ ሲያብጥ ታዩታላችሁ።

የቧንቧ መጋጠሚያ መሬት ውስጥ በክላምፕ ወይም በጥርስ አይታሰርም፤ በሙቀት ቀልጦ ነው የሚጣበቀው። ጉድጓዱ ውስጥ በቧንቧውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ድብልቅ ከታች ወደ ላይ ይሞላ። ከላይ ጠጠር ደፍቶ የሚሄድ ቆፋሪ ሥራውን አበላሽቶት ነው የሄደው፤ ባዶ አየር ሙቀት አያስተላልፍም። ለሆቴል ከሆነ መጀመሪያ አንድ ጉድጓድ ብቻ ተቆፍሮ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ሙቅ ውሃ እየዞረበት የመሬቱ አቀባበል ይለካ። የቀሩት ጉድጓዶች ብዛት ከዚያ በኋላ ይወሰን።

መብራቱንም አትርሱ። ማታ ቮልቴጅ በሚወርድበት ሰፈር ኮምፕረሰሩ መከላከያ ይፈልጋል፣ የቆጣሪያችሁን አቅምም ቀድማችሁ አጣሩ።

ሐረር ለምትሠሩ

ለእናንተ አጭር ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በደንገጎ ዳገት ስትወጡ አየሩ ሲለወጥ ይሰማችኋል። የዓመቱ አማካይ 20 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የመሬቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማለትም መሬቱ ራሱ ምቹ ነው፣ ማሽን አያስፈልገውም። የጁገል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ጥቂት መስኮት ይዘው ቀኑን ቀዝቃዛ፣ ሌሊቱን ለዘብ ያለ ያደርጉታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከበረዳችሁ የደቡብ መስኮት ሰፋ አድርጉ፤ በዚያ ወራት ፀሐይ በዚያ በኩል ናት። ለጂኦተርማል የያዛችሁትን ገንዘብ ለሌላ አውሉት።

9. ገብታችሁበት ከሆነ፦ ርክክብ

ቧንቧው ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት፣ ከገባ በኋላም፣ ቤንቶናይቱ ሲሞላም ውሃ ተሞልቶ በግፊት ይያዝ። ጌጁ ላይ ዓይናችሁን አድርጉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። የእያንዳንዱን ጉድጓድ ቦታ ከአጥሩና ከቤቱ ማዕዘን በሜትር ለክታችሁ ፕላኑ ላይ አስፍሩ፤ ያለዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት የሚመጣው ቆፋሪ በዶማው ያገኘዋል።

ማሽኑን ኅዳር ላይ አትረከቡ። ኅዳር ላይ ድሬ ውስጥ ሁሉም ማሽን ጎበዝ ነው። ውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ ግንቦትና ሰኔ ካለፉ በኋላ እንደሚሆን አስጽፉ። ወደ መሬት በሚወርደውና ከመሬት በሚመለሰው ቧንቧ ላይ አንዳንድ ቴርሞሜትር ይተከል። በየዓመቱ ሰኔ አጋማሽ፣ 9 ሰዓት ላይ፣ ሁለቱንም አንብባችሁ ከማሽኑ ጎን በተሰቀለ ደብተር ጻፉ። ከመሬት የሚመለሰው በየዓመቱ አንድ አንድ ዲግሪ እየጨመረ ከሄደ መሬቱ እየሞላ ነው። ያኔ የሌሊቱን ራዲያተር ጨምሩ፣ ወይም በሙቀቱ ወር ግማሹን ሥራ ለተራ ኤሲ ስጡት።